ነፍጥና አያያዙ፤ በአፈ ሙዝ ስለሚጎርሰው ጠበንጃ ታሪክ

ሐዋሳ ከተማ በ1952 ዓ. ም. ገደማ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር፥ በአፈ ሙዙ የሚጎርሰው ጠበንጃ ከኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎቿ መካከል የነበሩት ጡረተኞች ወታደሮች የሚያውቁት በቀለሃ የሚተኮሰውን መሣሪያ እንጂ ባሩድ በቀንድ እየሰፈሩ በዘንግ የሚጠቀጥቁትን አልነበረም። ይሁን እንጂ ያ የጥንት መሣሪያ ስሙን ለአገሩ ትቶ ሄዷል። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በሲዳማ ምድር ከሀገረ ሰላም እስከ ይርጋዓለም፥ ከይርጋዓለምም እስከ ሐዋሳ፥ በመጀመሪያ የወታደር፥ ቀጥሎ የባለ ርስትና የባለ ገባር፥ በኋላም የስድብና የክርክር ስም ሆኖ ኖሯል። ቃሉን የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው፤ ነፍጥ ራሱ ምን እንደ ነበረ፥ እንዴት እንደሚጎርስ፥ እንዴት እንደሚጸዳ፥ በምን ምክንያትም ጠላትን ትቶ ጌታውን እንደሚገድል የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረው ይኸው ነው። ዓመታቱ በኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉት «ዓ. ም.» የሚል ምልክት አላቸው።

ከቃሉ መነሣት ይገባል። «ነፍጥ» በዐረብኛ ከምድር የሚፈልቀውን የሚነድ ዘይት የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ነው፤ ግሪኮችም ይህንኑ «ናፍታ» ይሉታል። በማምሉኮች ዘመን በግብፅ አገር ቃሉ ከዘይቱ ወደ ባሩዱ፥ ከባሩዱም ወደ መሣሪያው ተሸጋገረ። ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚሁ መንገድ ይመስላል። ግብፃዊው የታሪክ ጸሓፊ አል ማቅሪዚ እንደሚተርከው፥ በዐፄ ይሥሐቅ ዘመነ መንግሥት (1414–1429) ከግብፅ የኮበለለ አንድ የማምሉክ ሹም ለንጉሡ ወታደሮች የቀስትንና የሰይፍን ሥርዐት፥ ደግሞም የነፍጥን አሠራር አስተምሯል። ሊቃውንት በዚህ ቦታ «ነፍጥ» የተባለው ባሩድ ነው ወይስ ከጥንት ጀምሮ በጦር ሜዳ ይወረወር የነበረው የሚነድ ዘይት ነው በማለት ይከራከራሉ። ሁለተኛው አሳብ የበለጠ የሚያስኬድ ነው፤ ምክንያቱም ጠበንጃ በይሥሐቅ እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፥ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ በልብነ ድንግል ዘመን እንዲያ ብርቅ ሆኖ ባልተገኘም ነበር። የቀሩት ቃላት በኋላ የመጡ ናቸው። «ባሩድ» እና «መድፍ» ከዐረቦችና ከቱርኮች፥ «ጠበንጃ» ደግሞ በቱርክኛ ሽጉጥ ማለት ከሆነው «ታባንጃ» የተወሰዱ ናቸው። በጎንደር ዘመን የነፍጠኞች አለቃ የሚጠራበት «ባሻ» የተባለውም ማዕርግ የቱርክ ፓሻ ነው። ሙያው ከውጭ መጣ፥ ስሞቹንም ይዞ መጣ።

በኢትዮጵያ ምድር የነፍጥ ኃይል በግልጽ የታየው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 በሽምብራ ኩሬ ድል ሲያደርግ የነበረው የጠበንጃ ብዛት ጥቂት ነበር፤ በኋላ ግን ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኞችን አገኘ። በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋሎችን ይዞ ከምጥዋ ወደ ደጋው ወጣ። እነዚህ ሰዎች የያዙት በፈትል እሳት የሚተኮስ ጠበንጃ ነበር። በ1542 ዓመት ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ፤ በየካቲት 1543 ደግሞ በወይና ደጋ ኢማሙ ራሱ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ያለ ነፍጥ መንገሥ አስቸጋሪ ሆነ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1578 እና በ1579 በትግራይ ቱርኮችን ሲያሸንፍ ከምርኮው ሁሉ ይልቅ የከበረው መሣሪያው ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው ሥራ እንመለስ። በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠበንጃ በአንድ በኩል የተደፈነ የብረት ቧንቧ ነው። በተደፈነው ጫፍ አጠገብ ጠባብ የእሳት ቀዳዳ አለው። ተኳሹ ሰደፉን ምድር ላይ አቁሞ፥ አፈ ሙዙን ከፊቱና ከሆዱ አርቆ፥ አስቀድሞ በተለካ ስፍር ባሩዱን ያፈስሳል። ቀጥሎ ጨርቅ ወይም ጭረት ውታፍ ያደርግበታል፤ ከዚያም አረሩን ይጨምራል፤ በመጠቅጠቂያውም ዘንግ አረሩ ባሩዱን እስኪነካ ድረስ ይገፋዋል። ዘንጉን ካወጣ በኋላ በቀዳዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ጥቂት ደቃቅ ባሩድ ይነሰንሳል፤ ክዳኗንም ይከድናል። የሚጤሰው ፈትል በብረት መንከስ ተይዞ ይቀመጥና፥ ምላጩ ሲሳብ ወደ ሳህኗ ይወርዳል። በኤውሮጳ ይህ ሥርዐት እንዴት ያለ ጥንቃቄ ይጠይቅ እንደ ነበረ ለማወቅ፥ ሆላንዳዊው ያቆብ ደ ጌይን በ1607 ያሳተመውን የሥዕል መጽሐፍ መመልከት ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ለመተኮስ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ ከ40 በላይ በሆኑ ሥዕሎች ከፋፍሎ አሳይቶታል። በኢትዮጵያ ትምህርቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነበር፤ ጠበንጃ ያዡ ከጌታው ኋላ እየተከተለ በማየት ይማር ነበር።

በዚህ ሁሉ ሥርዐት ውስጥ ዋናው አደጋ እሳትና ባሩድ በአንድ ሰው አካል ላይ መገናኘታቸው ነው። ተኳሹ በአንድ እጁ የሚነድ ፈትል፥ በወገቡ የባሩድ ቀንድ ይይዛል። ነፋስ አንዲት ብልጭታ ቢያነሣ ቀንዱ ይፈነዳል። ስለዚህ ብልህ ነፍጠኛ ፈትሉን ከማጉረሱ በፊት ከመንከሱ አውጥቶ በግራ እጁ ጣቶች መካከል ያርቀዋል፤ ከጓደኛውም ጥቂት እርምጃ ይርቃል። ከቀንዱ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ማፍሰስም የተከለከለ ነው። ቀድሞ ከተተኮሰው የቀረ ፍም በቧንቧው ውስጥ ካለ፥ የሚፈሰው ባሩድ ተቀጣጥሎ እስከ ቀንዱ ድረስ ይመለሳል። በስፍር የሚያፈስስ ሰው ይህ ቢደርስበት እጁ ይቃጠላል፤ በቀንድ የሚያፈስስ ግን እጁን ያጣል። ትንሿ ስፍር ባሩድ ለመቈጠብ ብቻ የተፈጠረች የሚመስላቸው ይኖራሉ፤ ጥቅሟ ግን ከዚህ ይሰፋል።

የባሩዱን ጠባይ ማወቅ ደግሞ የሙያው ግማሽ ነው። ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 እጅ ያህል ፖታሲየም ናይትሬት ከሚባለው የመሬት ጨው፥ 15 እጅ ያህል ከከሰል፥ 10 እጅ ያህል ከድኝ የተቀመመ ነው። ድኝ በአፋር በረሓ በዳሎል አካባቢ ይገኛል፤ ከሰል በየደጁ አለ። የሚያስቸግረው ጨዉን ከአፈር አጥቦ ማጥራት ነው። ያልጠራ ጨው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ባሩድም ወይ ጨርሶ አይነድም፥ ወይ ዘግይቶ ይነድዳል። የዘገየው ከማይነድደው የከፋ ነው። ምላጩ ተስቦ ድምፅ ሲጠፋ ተኳሹ ምን ሆነ ብሎ አፈ ሙዙን ወደ ፊቱ ያዞራል፤ እሳቱ ግን በቀዳዳው ውስጥ ገና እየተጓዘ ነው። የቀድሞ ተኳሾች ሕግ እንዲህ ባለ ጊዜ ጠበንጃውን ወደ ዒላማው አቅንቶ፥ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ መጠበቅን ያዝዛል።

ከተተኰሰ በኋላ የሚቀረው ጥላሸት ደግሞ ሌላ ጠላት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድድ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጭስና አመድ ሆኖ ይቀራል። ይህ አመድ ጨውነት ስላለው ውሃ ይስባል፤ በአንድ ሌሊትም ብረቱን ያዝገዋል። በክረምት የከረመ ያልታጠበ ነፍጥ በመስከረም ሲታይ ውስጡ እንደ ምስጥ ቤት ተቦርቡሮ ይገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የፈላ ውሃ ብቻ። በዘንጉ ጫፍ ጨርቅ ጠምጥሞ፥ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማጠብ ያስፈልጋል። የፈላው ውሃ ብረቱን ስለሚያግለው ቶሎ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ጨው የሌለው ሞራ ወይም ዘይት ይቀባል። በቅባት ብቻ የሚወለውል ሰው ግን ጨዉን ከቅባቱ በታች ቀብሮ ይተወዋል እንጂ አያወጣውም። ደግሞም እንደ ገና ከማጉረሱ በፊት ቅባቱን በደረቅ ጨርቅ ማውጣት አለበት፤ አለዚያ ባሩዱ በቅባት ይርሳል። የእሳቱ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። ሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ በርቶ በቧንቧው ያለው ሳይቀጣጠል የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ስለ ተደፈነ ነው።

በኤውሮጳ ባለ ፈትሉ ነፍጥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በባልጩት ለሚተኮሰው ቦታውን ለቀቀ። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ካፕሱል የምትባለው የመዳብ ቆብ መጣች። በኢትዮጵያ ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ባለ ፈትሉ ይበዛ ነበር። ተጓዦች ይህን አይተው የአገሩን ሰው በኋላ ቀርነት ነቅፈውታል። ነቀፋው አልተመረመረም። ባለ ባልጩት ጠበንጃ ጥሩ የብረት ጅማትና በየጊዜው የሚለወጥ ባልጩት ይፈልጋል፤ ባለ ካፕሱሉ ደግሞ ከባሕር ማዶ የምትመጣ ቆብ ይፈልጋል። በምጥዋ ወደብ ላይ የተቀመጠው በመጀመሪያ ቱርክ፥ በኋላም ግብፅ ነበረ። በሩን ሲዘጋ ቆቡ ይቀራል፥ ቆብ የሌለውም ጠበንጃ ዱላ ይሆናል። የባለ ፈትሉን ፈትል ግን ማንም ሴት ከጥጥ ልትፈትለው ትችላለች፤ የተሰበረውንም መንከስ የመንደር ቀጥቃጭ ይጠግነዋል። እርሳስ ሲጠፋም የብረት ፍሬ ይጎርስ ነበር። የብረቱ ፍሬ ቧንቧውን ይፍቀዋል፥ ዒላማም አይጠብቅም፤ ቢሆንም ይተኮሳል። እንግዴህ ባለ ፈትሉን ይዞ መቆየት ሰውዬው የተሻለውን ባለማወቁ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በገዛ እጁ ሊጠግነውና ሊመግበው የሚችለውን መምረጡ ነው።

ስለ አጎራረሱ ጥበብ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 በጎንደር ሳለ፥ ከራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ችሎታ ተከራከረ። በዚህም ምክንያት በንጉሡ ፊት በጠበንጃው ውስጥ በአረር ፈንታ የሞራ ሻማ ቁራጭ አጉርሶ ተኮሰ፤ ሻማውም ሦስት ጋሻዎችን በሳ። ተመልካቹ ሁሉ ተገረመ፥ አንዳንዱም አስማት ነው አለ። ነገሩ አስማት አይደለም። ለስላሳው ሞራ ሲገፋ ተስፋፍቶ የቧንቧውን ግድግዳ ይሞላል፤ ስለዚህ የባሩዱ ትንፋሽ በጎኑ አያመልጥም፤ ክብደቱም ትንሽ ስለ ሆነ ፍጥነቱ እጅግ ይበዛል። በቧንቧው ውስጥ እየተንገዳገደ የሚወጣው ልቅ አረር ግን ከኃይሉ ብዙውን በጎኑ ያባክናል። በ1849 ፈረንሳዊው ሚኒዬ ቂጡ የተቦረቦረ ጥይት ሲሠራ የተጠቀመበት ይህንኑ መስፋፋት ነው። ብሩስ ታሪኩን የጻፈው ለራሱ ክብር ነው፤ ስለ ጀብዱው መጠን አንባቢው እንደ ወደደ ይመን። ከታሪኩ የሚጠቅመው የውታፉ ነገር ነው።

ከአደጋዎቹ ሁሉ ተንኰለኛው በጉርሻ ላይ ጉርሻ መደረቡ ነው። በጦርነት ጩኸትና ጭስ መካከል ተኳሹ ምላጩን ይስባል፤ ሳህኗ ብቻ ትበራለች፤ እርሱ የተተኰሰ መስሎት እንደ ገና ያጎርሳል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፥ በ1863 ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከሜዳው ከተለቀሙት 27 ሺህ ከሚበልጡ ጠበንጃዎች 24 ሺህ ያህሉ ጎርሰው ተገኙ፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሁለት ጉርሻ ነበራቸው፤ አንዱ 23 ጉርሻ ይዞ ነበር። እነዚህ በመለማመጃ ሜዳ የሠለጠኑ ወታደሮች ነበሩ። በኢትዮጵያ ደግሞ ሚያዝያ 10 ቀን 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አጠገብ ከፋላ ተራራ ላይ በእንግሊዞች ላይ መድፍ ሲያስተኩሱ፥ ከትላልቆቹ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ጎርሶ ስለ ነበረ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። አረሩ ከባሩዱ ጋር ሳይነካካ በመካከል ባዶ ቦታ ሲቀርም ቧንቧው ያብጣል፥ ወይም ይሰነጠቃል። ለዚህ የብልሆች ዘዴ በዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት መቅረጽ ነው፤ አንዱ ቧንቧው ባዶ ሲሆን፥ ሁለተኛው በትክክል ሲጎርስ የሚታየው ነው። ዘንጉ ከሁለተኛው ምልክት በላይ ከወጣ ጉርሻው ተደርቧል፥ ወይም አረሩ አልወረደም ማለት ነው።

እንግዴህ ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው፥ «ነፍጥ ያለው አሸነፈ» የሚለውን የተለመደ አባባል በጥርጣሬ ይመለከታል። የተካነ ተኳሽ በባልጩት ወይም በካፕሱል በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፤ በፈትል ግን ከአንድ ጊዜ ብዙም አያልፍም። ውስጡ ልሙጥ የሆነ ቧንቧ ደግሞ ሰውን በእርግጥ የሚመታው ከ100 ሜትር በታች ነው። ይህን ርቀት እግረኛ ጦረኛ በሃያ ሰኮንድ ገደማ ይሮጠዋል፤ ፈረሰኛ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ነፍጠኛው አንድ ጊዜ ተኵሶ ዳግመኛ ሳያጎርስ ጦሩ ደረቱ ላይ ነው። እንዲህ ላለው ዘገምተኛ መሣሪያ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም። ራስ ሚካኤል ስሑል በሺህ የሚቈጠሩ ነፍጠኞች ይዞ በ1771 በሰርባኩሳ ውጊያዎች መጨረሻ ተሸነፈ። በ1831 በደብረ ዓባይ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በጠበንጃ ብዛት ከየጁው ራስ ማርዬ ይበልጥ ነበር፤ ራስ ማርዬ በውጊያው ሞተ፥ ድሉ ግን የየጁ ፈረሰኞች ሆነ፤ ሰባጋዲስም ተማርኮ ተገደለ። በ1842 በደብረ ታቦር ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ ነገር ግን ድሉን በግብዣ ሲያከብር በብሩ አሊጋዝ ተያዘ። ነፍጥ በአምባ ላይ፥ በገደል አፍ፥ በምሽግ ውስጥ ኃይለኛ ነው፤ በሜዳ ላይ የሚጠብቀው ፈረሰኛና ጦረኛ ከሌለው ግን ኃይሉ የአንድ ተኩስ ነው። ዝናብ ከጣለ ያም የለም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ድካም ከሁሉ ይልቅ የተረዱ ንጉሥ ይመስላሉ። መሣሪያን መግዛት ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ መሥራትን ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላይ የኤውሮጳ ሚስዮናውያንንና ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አስፈሰሱ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነበር። በብዙ ድካም ወደ መቅደላ ተጐትቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬም በዚያው አለ። አሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ የተመረጠው መሣሪያ ግን ዘመኑ ያለፈበት ነበር። በዚያው በሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈ ሙዝ የሚጎርሰውን ይዞ፥ በኋላው የሚጎርሰውን ስናድር ከያዙ የእንግሊዝ ወታደሮች ጋር ገጠመ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከእነርሱ ሁለቱ ሞቱ። ጄኔራል ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ በስጦታ የሰጠው መድፍና አሮጌ ጠበንጃ ነው፤ ስናድሩን ይዞት ሄደ። ካሣም በዚያው አሮጌ መሣሪያ በ1871 በዐድዋ አጠገብ እጅግ ብዙ ሠራዊት የነበራቸውን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ይህ በአፈ ሙዝ የሚጎርሰው ጠበንጃ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ከፈረደባቸው የመጨረሻ ቀኖች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በ1875 በጉንደት፥ በ1876 በጉራዕ ከግብፆች የተማረከው ሬሚንግተን ዘመኑን ለወጠው።

የኤውሮጳ መንግሥታት ግን አሮጌው ዘመን ለአፍሪካ እንዲቀርለት ወደዱ። በ1890 በብሩክሴል የተፈረመው ውል ወደ አፍሪካ ሰፊ ክፍል ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ ሲከለክል፥ ውስጡ ልሙጥ የሆነውን ባለ ባልጩት ጠበንጃና ተራውን የንግድ ባሩድ ግን ፈቀደ። ለባሪያ ንግድ መከልከል ተብሎ የተጻፈ ውል ነው፤ ውጤቱ ግን አፍሪካዊው ሁለት ምእት ዓመት ወደ ኋላ እንዲታጠቅ ማድረግ ነበር። ነጋዴዎቹም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በ1887 ወደ ንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ጭነት 2,040 ባለ ካፕሱል ጠበንጃ ነበር፤ ራሱ እንደ ጻፈው እነዚህ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፥ በሊዬዥ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ ሲሆኑ በሸዋ 40 ፍራንክ ገደማ ይሸጡ ነበር። ምኒልክ ዋጋውን በብዙ ቈርጠው መክፈላቸው ሸቀጡን እንዳወቁት ያስረዳል።

አሁን ወደ ደቡብ መመለስ ይቻላል። የአርሲ ኦሮሞዎች በ1880ዎቹ የሸዋን ሠራዊት ለብዙ ዓመት ከተቋቋሙ በኋላ በ1886 በአዙሌ በራስ ዳርጌ ሠራዊት ተሸነፉ። ሲዳማ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፥ ወላይታም በ1894 በምኒልክ ግዛት ሥር ገቡ። በእነዚህ ዘመቻዎች ውጊያውን የቈረጠው ሬሚንግተንና ውጅግራ እንጂ በአፈ ሙዝ የሚጎርሰው ነፍጥ አልነበረም። የዚህ ማስረጃ ቀደም ሲል የተቈጠረው የሰኮንድ ሒሳብ ነው። በጋሻና በጦር የሚዋጋ የሲዳማ ወይም የአርሲ ጀግና ባለ ፈትል ነፍጥ የያዘ ሰውን ከአንድ ተኩስ በኋላ ይደርስበት ነበር፤ በደቂቃ ስምንትና ዐሥር ጊዜ የሚተኩሰውን ግን ሊደርስበት አልቻለም። የጁዎች በደብረ ዓባይ በባለ ነፍጥ ላይ ያደረጉትን የደቡብ ሰዎች ለማድረግ ያልቻሉት ጀግንነት ስላነሳቸው አልነበረም፤ የገጠማቸው መሣሪያ ሌላ ስለ ነበረ ነው። ይህን ልዩነት ሳይለይ «ኋላ ቀር ጦር በነፍጥ ተሸነፈ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ወገን ይበድላል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በደቡብ የሠፈረው ወታደር በአዲሱ መሣሪያ ስም አልተጠራም። አሮጌው ስም ተከተለው። በደጃዝማች ባልቻ አገረ ገዥነት ዘመን ሀገረ ሰላም የሲዳሞ ዋና ከተማ ሆና ሳለች፥ ወታደሩ እንደ ማዕርጉ ገባር ይመራ ነበር። በሰሜን በቀድሞ ዘመን ነፍጠኛ ማለት ባሩዱን የሚያደርቅ፥ አረሩን የሚያፈስስ፥ ቧንቧውን የሚያጥብ ባለ ሙያ ነበረ፤ ብዙ ጊዜም ከፈረሰኛው መኰንን በታች ይቈጠር ነበር። በደቡብ ግን ነፍጠኛ ማለት ሌላ ሰው የሚያርስለት፥ ሌላ ሰው እንጨትና ውሃ የሚያመላልስለት ሰው ሆነ። የሲዳማ ገበሬ ቃሉን የተማረው ከዚህ በኩል ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ጆሮ የመሣሪያ ስም ሳይሆን የግብር ስም ነበረ። የገባር ሥርዐት ከ1941 በኋላ ቀስ በቀስ ቀረ፤ የባለ ርስትነቱም ነገር በ1967 ዓ. ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አበቃ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይኖራል። በ2012 ዓ. ም. ሲዳማ ክልል ሆና ሐዋሳ ዋና ከተማዋ ስትሆንም በፖለቲካው ንግግር ውስጥ ይሰማ ነበር።

ስለ አሮጌው ጠበንጃ አንድ የሚቀር ነገር አለ፤ ይኸውም በየቤቱ ግድግዳ ላይ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤትና በየሙዚየሙ የሚገኘው ነው። የቤተ ሰብ ቅርስ ነው ተብሎ ስለሚታይ የሞተ ይመስላል። ጥቁር ባሩድ ግን ደረቅ ሆኖ ከተዘጋበት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ኃይሉን አይለቅም። በጥር 2013 በኒው ዮርክ ከተማ በሴንትራል ፓርክ ለብዙ ዘመን ለሕዝብ ሲታይ የኖረ የ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መርከብ መድፍ ሲጸዳ፥ ውስጡ አረርና 800 ግራም ያህል ባሩድ እንደ ያዘ ተገኘ። ሕፃናት ሲጫወቱበት የኖሩት መድፍ ነው። በቀለሃ የሚተኮሰውን ጠበንጃ ከፍቶ መመልከት ይቻላል፤ ይህ ግን የሚከፈት ኋላ የለውም፥ ወደ አፈ ሙዙ መመልከትም ዐይንን ለሞት መስጠት ነው። ጭስ አልባውን የዛሬ ባሩድ በእንዲህ ያለ ቧንቧ ውስጥ መጨመር ደግሞ ቦምብ መሥራት ነው፤ የጥቁር ባሩድ ስፍር ለእርሱ አይሆንምና፥ የጥንቱም ብረት ግፊቱን አይችለውም።

ስለዚህ ይህን የመሰለ ዕቃ በእጁ የገባ ሰው አስቀድሞ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሠረት ለሚመለከተው የጸጥታ አካል ማስታወቅ አለበት፤ ሙዚየምም ቢሆን መዝግቦ ከመደርደሩ በፊት ባለ ሙያ ሊያስመረምረው ይገባል። ምርመራው የሚጀመረው በአንድ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ነው። ጠበንጃው በማንም ላይ እንዳያነጣጥር ተደርጎ ይጋደማል፤ መርማሪው በጎን ቆሞ ዘንጉን በአፈ ሙዙ ሳይመታ ቀስ አድርጎ ያስገባዋል፤ በቆመበት ቦታ አፈ ሙዙ አጠገብ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያም አውጥቶ በቧንቧው ውጭ ጎን ላይ ያስተኛዋል። የዘንጉ ጫፍ እስከ እሳቱ ቀዳዳ ድረስ ከደረሰ ቧንቧው ባዶ ነው። ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ከጎደለው ጎርሷል፤ እንዲያ ከሆነ በብረት አይቆፈርም፥ በእሳትም አይሞቅም፤ በእሳቱ ቀዳዳ ውሃ ወይም ስስ ዘይት እየተጨመረ ባሩዱ እስኪርስ ድረስ ለቀናት ይቆያል፤ አረሩንም የሚያወጣው በቡለን መሰል ብረት የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።